የዶልፊን ቅርጫ

የልጄ ልጅ ባሕር አይታ አታውቅም። እኔም አላየሁም። የእኛ አገር ሰው ውሃ ሲባል ቦርከናን ነው የሚያስበው፤ እሱንም ክረምት ካልሞላ ወንዝ ብሎ አይጠራውም። እንዲህ ባለ አገር ተቀምጣ ነው እንግዲህ ይህች ልጅ አንድ ቀን ከዩኒቨርሲቲ ተመልሳ፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ «እማዬ፣ ዶልፊን ተፈቀደልኝ» ያለችኝ።

ዶልፊን ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። «ኸይር ያድርገው» አልኳት። የማላውቀው ነገር ሲመጣ መጀመሪያ ኸይር ያድርገው እላለሁ፣ ከዚያ ነው የምጠይቀው። ስልኳን ከፍታ አሳየችኝ። ጀርባው እንደ ረጠበ ድንጋይ የሚያብረቀርቅ፣ አፉ የሚስቅ የሚመስል ነገር ከውሃው ዘልሎ አየር ላይ ቆሟል።

«ዓሣ ነው» አልኳት።

«ዓሣ አይደለችም። ትወልዳለች። ታጠባለች። አየር ለመሳብ ብቅ እያለች ነው የምትኖረው።»

«ጡት አላት ነው የምትይኝ?»

«አላት እማዬ። ወላሂ አላት።»

ያን ሰሞን ሌላ ወሬ አላወራሁም። እኔ ደግሞ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። ልጆቼ «የእማ ቤት መንገድ ላይ ነው» ይሉኛል። ደሴ ላይ ሴት ልጄ ቤት አድራለሁ፤ ይህች የልጅ ልጄ የእሷ ናት። ደግሞ ኮምቦልቻ ወርጄ ትንሹ ወንድ ልጄ ጋር እሰነብታለሁ፤ እዚያ ሙቀቱ ሲሰለቸኝ ኩታበር እህቴ ዘንድ፣ ወይ ደጋን አማቶቼ ዘንድ እሄዳለሁ። የሄድኩበት ሁሉ ዶልፊኗን ይዣት ሄድኩ። ኩታበር ላይ እህቴ ነገሩን እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰማችኝና፣ «እንግዲያው አልባ ታምጣልን፤ ቅቤው ለፀጉርሽ ይሆናል» አለችኝ። ደጋን ላይ አማቴ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ይበላል?»

«እሱን አልጠየቅኳትም።»

«እሱን ሳትጠይቂ ምኑን ጠየቅሽ ታዲያ?»

እኔ ግን ሌላ ሌላውን ጠይቄ ነበር። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደሉንም ከልጆቼ ደብተር ላይ ነው የለቀምኩት። ስለዚህ ስጠይቅ አላፍርም፤ አታውቅም ተብዬ የምታማበት ነገር የለኝም። ልጅቷም ስትነግረኝ አይሰለቻት። አልጋው ላይ እግሯን አጣጥፋ ትቀመጥና ትጀምራለች።

«እማዬ፣ በሁላችንም ሥጋ ውስጥ ረጅም ጽሑፍ አለ። በሰውም፣ በበግም፣ በዶልፊንም። እኩሌታው ከእናት፣ እኩሌታው ከአባት ነው የሚመጣው። እዚያ ጽሑፍ ላይ አንዳንድ ቦታ አንዲት አጭር ቃል ትደጋገማለች። አንዷ ዶልፊን ላይ አሥር ጊዜ ትሆናለች፤ ሌላዋ ላይ አሥራ አራት።»

«እንደ መንዙማ አዝማች በይኛ» አልኳት።

እንዴት እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔም በልጅነቴ የሰማሁትን ነገርኳት፤ ሽማግሌዎች መንዙማ በሚዜምበት ሐድራ ላይ የተቀመጠ ሰው አዝማቹን ሲቀበል ብቻ ሰምተው፣ አንዱ ሦስቴ ይመልሳል፣ አንዱ አምስቴ፣ ከዚያ ተነስተው «ይሄ የእገሌ ሼህ ደረሳ ነው» ይሉ ነበር። ማን እንዳሳደገው ከአመላለሱ ያውቁታል። ልጅቷ ይህን ሰምታ አልጋው ላይ ተንበረከከች።

«የመመረቂያ ሥራዬ እሱን ቦታ ማግኘት ነው። ከዶልፊን ዶልፊን የሚለያየውን። ምልክት እንለዋለን። ምልክቱ ከተገኘ ጥፍር በምታህል ቆዳ ማን እንደሆነች፣ የማን ዘመድ እንደሆነች ይታወቃል።»

«ታውቆስ?»

«ታውቆማ፣» አለች፤ ፊቷ በራ። «እዚያ ጅቡቲ ዳር፣ የመርከቡ መንገድ ላይ፣ ዶልፊኖች አሉ። መረብ ይገባሉ፣ ይሞታሉ። ለብቻቸው የሚኖሩ አንድ ቤተሰብ ከሆኑ፣ ጥቂት ካለቁ የሚተካቸው የለም። ከሩቁ ባሕር ካሉት ጋር የሚጋቡ ከሆነ ግን ተስፋ አላቸው። የትኛው እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም እማዬ። ማንም አያውቅም።»

ይህቺ «ማንም አያውቅም» ያለቻት ነገር ልቤን አንጠለጠለችው። እኔ በዕድሜዬ ሁሉ የማላውቀውን ነገር ሌላ ሰው ሲያውቀው ነው የኖርኩት። አሁን ግን ማንም ያላወቀው ነገር እኛ ቤት፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ አልጋ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ቆዳውን ያመጣላት ትንሹ ልጄ ነው፤ የእሷ አጎት። ከኮምቦልቻ ጅቡቲ በትልቅ መኪና ይመላለሳል። ባሕሩ ዳር አንድ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ አሉ፤ ዶልፊን መረብ ገብታ ሞታ ስትገኝ ከቆዳዋ ትንሽ ቆርጠው፣ ጨው ነስንሰው፣ የእያንዳንዷን ለየብቻ ጠቅልለው ያስቀምጣሉ። የእሷ አስተማሪ ከዚያ አገር ሰዎች ጋር ተነጋግረው፣ የሁለቱንም አገር ፈቃድ አስጨርሰው ነበር። የቀረው የሚያመጣ ሰው ነው። እሷም ለአጎቷ አልኮል ያለባቸውን ትንንሽ ብልቃጦች በሳጥን አድርጋ ሰጠችው።

የልጄ ሚስት አልኮል መሆኑን ስትሰማ ሳጥኑን ከደጅ መለሰችው። «እኔ ቤት ይሰገዳል» አለች።

«ለመጠጥ አይደለም እኮ፣ ቆዳው እንዳይበላሽ ነው» አለቻት ልጅቷ።

«የሚጠጡትም አንጀታችን እንዳይበላሽ ነው የሚሉት።»

ሳጥኑ መኪናው ውስጥ አደረ። ጠዋት ልጅቷ በመስኮቱ በኩል እንዲህ ብላ አስጠነቀቀችው፦ «ጥፍር የምታህል ይበቃል። ሁሉም ብልቃጥ ውስጥ ይግባ፣ ባዶ የሚቀር እንዳይኖር። ክዳኑን አጥብቅ።» እሱም «አብሽሪ» ብሏት ሄደ።

ሲመለስ ብልቃጦቹ አምረው መጡ። አንዱ እንኳ ባዶ አልነበረም፣ አንዱ እንኳ አላፈሰሰም። ልጅቷ አንገቱ ላይ ተጠመጠመችበት። ከዚያ በኋላ ጠፋችብን። ጠዋት ጉም ከጦሳ ተራራ ሳይወርድ ትወጣለች፤ ስትመለስ ስለ መንጠቆ ታወራኛለች። የምትፈልገውን ቦታ ከረጅሙ ጽሑፍ መሐል ለቅሞ የሚይዝ መንጠቆ አለ፤ ለየቦታው የየራሱን ራሷ አስባ ነው ያሠራችው። የያዘውን አንድ ማሽን ያበዛዋል። የበዛው ደግሞ ረጋ ያለ አጥሚት በመሰለ ነገር ውስጥ በኤሌክትሪክ እንዲጓዝ ይደረጋል። አጭሩ ይፈጥናል፣ ረጅሙ ይዘገያል፤ የደረሱበት ቦታ በመብራት ሲታይ መስመር ይሠራል። እኔ ይህን ሁሉ ገራዶ ወርጄ ሳስረዳ አንዲት ሴት «ታዲያ አጥሚቱን ማን ጠጣው?» ብላኛለች።

አንድ ቀን ልጅቷ ገና በቀን ተመለሰች። ጫማዋን አወለቀችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

«ምን ሆነሻል?»

«ሁሉም አንድ ናቸው» አለችኝ ለግድግዳው።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቀስ እያለች ነገረችኝ። አንዲት እንስሳ በአንድ ቦታ ላይ ቢበዛ ሁለት መስመር ነው የሚኖራት፤ አንዱ ከእናቷ፣ አንዱ ከአባቷ። የእሷዎቹ ግን አራትም አምስትም መስመር ያወጣሉ። ይባስ ብሎ ሁሉም ብልቃጥ ላይ የሚታዩት እነዚያው ናቸው። ስምንት ዶልፊን፣ አንድ መልክ። በቆዳው ፋንታ ንጹሕ ውሃም አስገብታ ሞክራለች፤ ውሃው ምንም አላወጣም። አስተማሪዋ አይተው አይተው፣ መንጠቆው የተባለበትን ቦታ ትቶ ያገኘውን ሁሉ እየያዘ ይመስላል አሏት። ማሽኑ የሚሠራበት ከውጭ የመጣው መድኃኒት ደግሞ አልቆ፣ የቀረው ለአንድ ሙከራ ብቻ የሚበቃ ነው።

«እና?»

«እና ዶልፊኑን ተዪውና ዶሮ ላይ ሥሪ አሉኝ። የዶሮ ምልክት ሌሎች ከድሮ ጀምሮ አግኝተው ጨርሰውታል። ዶሮ አትከዳሽም፣ በጊዜሽ ትጨርሻለሽ አሉኝ። ከዐረፋ በኋላ ቁርጡን እነግራቸዋለሁ።»

ሰውየው ክፉ ሆነው አይደለም። ተማሪያቸው እጇን አጣጥፋ እንዳትቀር ነው ያሰቡላት። ግን ጀርባዋን እያየሁ፣ ይህቺ ልጅ ዶሮውን ትሠራዋለች፣ ትመረቅበታለችም፣ ደስ ግን አይላትም ብዬ አሰብኩ። ዱዓ ከማድረግ ሌላ የማውቀው አልነበረም።

ዐረፋን ኮምቦልቻ ነው የምናከብረው። ልጅቷ አልሄድም ስትል እኔ ብቻዬን የሐረጎን ቁልቁለት አልወርድም አልኳት፤ ብቻዬን ስመላለስ እንደኖርኩ እያወቀች ተነሳች። ታች ስንደርስ ሙቀቱ ተቀበለን፤ ጋቢዬን አውልቄ ክንዴ ላይ አደረግሁት። የልጄ ግቢ በሰው ሞልቷል። ጎረቤቶቹ የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው፤ ግማሾቹ ከገጠር የመጡ፣ ግማሾቹ ከሌላ አገር። ሰባት ሆነው አንድ በሬ ለዑድሒያ አርደዋል። ቅጠል ተጎዝጉዟል፤ ቅጠሉ ላይ ሰባት መደብ ተከምሯል፤ የሚያካፍለው ደግሞ የኔ ልጅ ነው። ሁልጊዜም እሱ ነው። ከጉበቱ ለሁሉም፣ ከሽንጡ ለሁሉም፣ ከጨጓራው ለሁሉም፣ ከጎድኑ ለሁሉም። አንዱ መደብ ጉበት አጥቶ ሌላው ሁለት ቢያገኝ ልጄ እንቅልፍ አይወስደውም።

ፋብሪካ የሚሠራ አንድ ቀጭን ጎረቤት ተቁለጭልጮ ሲያይ ቆየና፣ «ይቺ ጉበት ወደ ራስህ መደብ ያዘነበለች መሰለኝ» አለው።

«ያዘነበለው አንገትህ ነው።»

«ይድገመው በሉት ሰዎች። ሹፌር እኮ መሪውን የሚያዞረው ወደ ቤቱ ነው።»

ልጄ ቢላዋውን እንደያዘ ቀና አለ። «እኔን ነው? የዶልፊን ቆዳ እንኳ ሳላዳላ ያካፈልኩትን ሰው?»

ወንዶቹ ሳቁ። ልጅቷ ለእጅ መታጠቢያ ውሃ በጆግ ይዛ በመካከላቸው እያለፈች ነበር። ቆመች።

«ምን አልክ አጎቴ?»

«ያንቺን ነዋ። ሽማግሌው ስምንት ጥቅል ሰጡኝ። አንዱ ወፍራም፣ አንዱ እንደ ወረቀት የሳሳ። አሁን ያ ወፍራሙ ለአንድ ብልቃጥ ብቻ ቢደርስ ግፍ አይደለም? የመኪናውን ኮፈን አጠብኩ፣ ሁሉንም ፈታሁ፣ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ እየቆረጥኩ ለሁሉም ብልቃጥ አደረስኩ።»

«ከሁሉም ለሁሉም?»

«ከሁሉም ለሁሉም። ወላሂ አንዱንም አልበደልኩም።»

ጆጉ እጇ ላይ አዘነበለ፤ ውሃው እግሯ ላይ ፈሰሰ፣ እሷ ግን አላወቀችም። አለቀሰች ስል ፈራሁ። ጆጉን መሬት አስቀመጠችው፤ ጮማ የነካውን እጁን በሁለት እጇ ያዘችው፤ ከዚያ ሳቅ ጀመራት። የሚያቆማት ጠፋ።

«አጎቴ፣ ገደልከኝ። አዳንከኝ።»

«አንዱን ምረጪ እንጂ» አላት ልጄ፤ ግራ ገብቶት እኔን ያየኛል።

ቀጭኑ ጎረቤት «ጉበቱን እንድገመው እንዴ?» አለ።

ልጅቷ ቅጠሉ ዳር ቁጢጥ ብላ መደቦቹን ታሳያቸው ጀመር። «እስቲ ስምንት በሬ አርዳችሁ፣ ከሁሉም በሬ ለሁሉም መደብ ብትቆርጡ፣ አንዱን መደብ ብቻ አይቶ የየትኛው በሬ ሥጋ እንደሆነ የሚያውቅ አለ?»

«የለም፣ የሁሉም ነዋ» አሏት።

«ሁሉም መደብ አንድ ዓይነት አይሆንም?»

«ይሆናል። ካልሆነማ ቅርጫ አይባልም።»

«ይኸው ነው የኔ ነገር። ብልቃጦቹ ሁሉ አንድ የሆኑብኝ ሁሉም ውስጥ ስምንቱም ዶልፊኖች ስላሉ ነው። መስመሩም የበዛው ለዚያ ነው። መንጠቆዬ አልተበላሸም።» ከዚያ ድምፅዋ ወረደ፣ ለራሷ የምትነግረው ይመስላል። «ደግሞ እኮ፣ አራት አምስት መስመር ወጣ ማለት እንስሶቹ ይለያያሉ ማለት ነው። ይለያያሉ። ባይለያዩማ ሁሉም ተደራርበው አንድ ወይ ሁለት ብቻ ይታዩ ነበር።»

ይህን ስትል እኔ ክንዴ ላይ ያለውን ጋቢ ጨብጬ ቆሜያለሁ። ነገሩ ሙሉ በሙሉ ገብቶኛል አልልም። ግን ትናንት ግድግዳ ስታይ የነበረችው ልጅ ዛሬ ሥጋ እያየች ዓይኗ ሲያበራ አያለሁ።

«የተረፈውስ?» አለችው አጎቷን። «ጥቅሎቹን የት አደረግካቸው?»

«ለሽማግሌው መልሼ ሰጠኋቸው። መልሰው ጨው ውስጥ ከተቷቸው። እሳቸው ምን ይጥላሉ ብለሽ ነው።»

በበዓል ቀን ለአስተማሪዋ ስልክ ደወለች። ግቢው ሁሉ ያዳምጣል፤ ውሻው ሳይቀር። እሳቸውም ሰምተው ሲጨርሱ ሳቃቸው በስልኩ ውስጥ ለኛ ሁሉ ተሰማን። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን የነገሯት ቁርጥ ያለ ነው፦ መድኃኒቱ ለአንድ ጊዜ ብቻ ይበቃል። ንጹሕ ናሙና ካመጣች ይሞከር። ይሄኛው ካልሆነ ግን ሌላ መድኃኒት እስኪመጣ የሚጠበቅበት ጊዜ የለም፤ ዶሮው ይቀጥላል።

ልጄ ያን ቀን ምሳ ሲበላ እንኳ ቅር እንዳለው ነበር። «እኩል ማካፈል ጥፋት የሆነው ዛሬ ነው» አለኝ።

«ጥፋትህ አይደለም» አልኩት። «አንተ እስከዛሬ ያካፈልከው ለሰው ነው። ብልቃጥ አይርበውም።»

ሳይወድ ፈገግ አለ። ልጅቷም በበኩሏ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ አንድ ጥቅል ለአንድ ብልቃጥ ማለት ሳይነገርም የሚታወቅ መስሎኝ ነው» አለችው። ከዚያ ከጓዳ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስር አምጥታ እንደ ሕፃን አስለማመደችው። የባቄላው ጥቅል ለባቄላው ብልቃጥ። ቢላዋውን ደግሞ ከአንዱ ጥቅል ወደ ሌላው ሲሄድ አጥቦ፣ በእሳት ለብልቦ። እሱም ጭነት ሊያነሳ ሲሄድ መኪናውን እያጠበ፣ «አንድ ለአንድ፣ አንድ ለአንድ» እያለ እንደ ዚክር ሲያነበንበው ሰማሁት። መጨረሻ ላይ ግን፣ «ግፍ ነው፣ ብቻ ይሁን» አለ።

እሱ እስኪመለስ ኮምቦልቻን ለቅቄ አልሄድኩም። እኔ አንድ ቦታ ተቀምጬ የጠበቅሁት ያኔ ነው ቢባል ዘመዶቼ ሁሉ ይመሰክራሉ። ልጅቷ ፈተና ይዟት ከደሴ መውረድ አልቻለችም፤ በየቀኑ ትደውላለች። የመኪና ጥሩንባ በሰማሁ ቁጥር ደጅ እወጣለሁ። ምራቴ «ሙሽራ የሚጠብቁ ነው የሚመስለው እማ» ትለኛለች። ሙሽራ ስጠብቅ እንኳ እንዲህ አልሆንኩም ነበር።

መጣ። ጭነቱን ለማራገፍ ወረፋ መያዝ ነበረበትና ሳጥኑን ከመኪናው አውርዶ ጭኔ ላይ አስቀመጠው። «አንድ ለአንድ ነው እማ። ሽማግሌውም አጠገቤ ቆመው ነበር፤ ምን ነካህ፣ ድሮ ደግ ነበርክ አሉኝ።» እኔም እዚያው ተነስቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ረዳቱ እጁን ዘርግቶ፣ «እማማ፣ ሳጥኑን ከላይ ልጫንልዎ?» አለኝ።

«አይሆንም ልጄ፤ ውስጡ ስምንት እንግዳ አለ።»

አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ አውራ ዶሮ በክንዱ ታቅፏል። ዶሮው አንገቱን አስግጎ ሳጥኔን ሲያየው አልወደድኩለትም። ወደ መስኮቱ አዞርኩት፤ ሳጥኑን ማለቴ ነው። ሐረጎን መውጣት ስንጀምር፣ ከኋላ የነበረ አንድ ወጣት አየሩን አሸተተ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አረቄ ነው እንዴ የያዙት?»

«የሚጠጡት እነሱ ናቸው፤ እኔ ተሸካሚ ነኝ።»

«እነማን?»

«ዶልፊኖች።»

መኪናው ሙሉ ሰው ሳቀ። ሹፌሩ ሬዲዮውን ዘጋውና «እስቲ ያጫውቱን» አለኝ። ምን አገደኝ። ከጡቷ ጀመርኩ፣ በቅርጫው አለፍኩ፤ ጉሙ መስኮቱን ሲሸፍነው ስለ መስመሮቹ እየነገርኳቸው ነበር። ባለ ዶሮው ሰውዬ ነገሩ የገባው መሰለኝ፤ ስለ ዶሮው ምርጫ ስነግራቸው ዶሮውን በነጠላው ሸፈነው። ፒያሳ ስንደርስ ማንም ሳይወርድ እኔን አስቀድመው አወረዱኝ፤ ሳጥኑን ግን ለማንም አልሰጠሁም። ወጣቱ ከመስኮቱ፣ «አላህ ያሳካላት በሉልኝ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ልጅቷ ከቆዳው ጽሑፉን ስታወጣ፣ ስታጥብ፣ ከማሽን ስታስገባ አሳለፈቻቸው። እኔ አልጠየቅኳትም። እሷም አልነገረችኝም። የመጨረሻው ቀን ግን ጠዋት ልትወጣ ስትል፣ «እማዬ፣ ዛሬ አብረውኝ ይሂዱ» አለችኝ። «ብቻዬን አላየውም።»

የዩኒቨርሲቲው ጥበቃ ምን ልታደርጊ መጣሽ ሳይለኝ አስገባኝ፤ ልጅቷ አስቀድማ ነግራዋለች። ነጭ ካፖርት አለበሱኝ፤ ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ። ክፍሉ ውስጥ ምንም እንዳልነካ እጄን ከኋላዬ አጣመርኩ። አስተማሪዋ ሰላም ብለውኝ ወንበር ሳቡልኝ። «እርስዎ ነዎት እንግዶቹን ያመጧቸው» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሰምቷል ማለት ነው።

ያ እንደ ረጋ አጥሚት ያለው ነገር በእጅ መዳፍ ልክ ሆኖ መጣ። ልጅቷ በሁለት እጇ እንደ አራስ ልጅ ይዛ ሳጥን ውስጥ አስገባችው። መጋረጃውን ዘጉት። መብራቱ በርቶ ምስሉ ኮምፒዩተሩ ላይ እስኪወጣ ድረስ በክፍሉ ውስጥ የማሽን ጉርምርምታ ብቻ ነበር የሚሰማው። እኔ ቢስሚላህ አልኩ፣ በሆዴ።

መጀመሪያ የታየኝ ጨለማ ነው። ከዚያ መስመሮች፣ ለየብልቃጡ በየረድፉ። አንደኛው ረድፍ ላይ ሁለት፤ አንዷ ከፍ፣ አንዷ ዝቅ ያለች። ሁለተኛው ላይ አንዲት ብቻ፣ ደመቅ ያለች። ሦስተኛው ሁለት፣ ግን ከመጀመሪያው በሌላ ቦታ። አራተኛው ሌላ። አምስተኛው ሌላ። ፊደል ላልቆጠረም ሰው ይታያል፤ እንደ ሰባራ ደረጃ ነው፣ አንዱ ከአንዱ አይገጥምም። አራትና አምስት መስመር የሚባል ነገር የለም። ከሁለት አይበልጡም።

አስተማሪዋ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። «አጉልተሽ አሳዪኝ» አሏት። አጎላችው። ሁለተኛውን መንጠቆ አሳየቻቸው፤ እሱም እንደዚያው። ሦስተኛውን። አንድ ሌላ መንጠቆ ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ፤ «ይሄ አይጠቅመንም፣ አውጪው» አሏት፣ እሷም ራሷን ነቀነቀች። የቀሩት ግን ይለያያሉ።

«በይ እንግዲህ» አሉ አስተማሪዋ፤ «ዶሮውን ለሌላ ተማሪ እሰጠዋለሁ።»

ልጅቷ ክንዴን ያዘችው። ጥፍሯ በነጩ ካፖርት አልፎ ይሰማኝ ነበር፣ ግን አልተንቀሳቀስኩም። እንባዋን በክርኗ ጠረገችና ወደ ምስሉ ተጠጋች። መጨረሻ ላይ ያሉትን ሁለት ረድፎች በጣቷ ነካቻቸው።

«እማዬ፣ እነዚህን ሁለቱን ይመልከቱልኝ። ሽማግሌው እነዚህን ጥቅሎች በአንድ ክር አስረው ነው የላኳቸው። አንድ መረብ ውስጥ ነው የተገኙት፤ አንዷ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ።»

አየሁ። የትልቋ ሁለት መስመር ነው። የትንሹም ሁለት ነው። አንዷ የትንሹ መስመር ከትልቋ አንዷ ጋር እኩል ቆማለች፣ ክር ቢዘረጋ ይነካቸዋል። በሌላው መንጠቆም እንዲሁ። በሌላውም።

«እናትና ልጅ» አልኩ።

«ይመስላል። ገና በብዙ መንጠቆ አረጋግጣለሁ፤ ግን ይመስላል።»

አንድ ላይ ነው የሞቱት። እናት ልጇን ትታ ከመረቡ መውጣት አቅቷት ይሆናል፣ ወይ እሱ እሷን ሲከተል። ይህን እያሰብኩ ዓይኔ የትንሹ ሁለተኛ መስመር ላይ አረፈ። እሷ ከእናቲቱ ጋር አትገጥምም፤ ብቻዋን ከፍ ብላ ቆማለች።

«ይቺኛዋስ የማን ናት?»

«የአባቱ።»

«አባቱ የትኛው ነው ታዲያ?»

ልጅቷ ረድፎቹን ሁሉ አንድ በአንድ በጣቷ ሄደችባቸው። አስተማሪዋም ጎንበስ ብለው አብረዋት ተከተሉ። አንዱ ጋ ሲደርሱ ትንሽ ቆዩ፣ ከዚያ ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተሻገሩ። መጨረሻው ድረስ ሄዱ።

«እዚህ የለም» አለች። ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። «አልተያዘም እማዬ። ባሕር ውስጥ ነው።»

ወንበሬን ጎትቼ ወደ ምስሉ ተጠጋሁ። ያቺን ብቻዋን የቆመች መስመር፣ ማንም ያላየውን የዚያን ፍጡር እኩሌታ፣ ዓይኔ እስኪደክም አየኋት። አስተማሪዋ መጋረጃውን ሊከፍቱ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ «ትንሽ ይቆዩልኝ» አልኳቸው። ቆዩልኝ።